ለሹፌር ቲፕ፦ የቱ ጋ፣ ስንት፣ በምን መንገድ?

ከዋሽንግተን የመጣ ዘመድ አዲስ አበባ ላይ ራይድ ተሳፍሮ ሲወርድ ስልኩን አውጥቶ ሃያ በመቶ ያሰላል። አዲስ አበባ ያደገው ደግሞ ዋሽንግተን ደለስ አየር ማረፊያ የተላከለት ጥቁር መኪና (ከነሹፌሩ ቀድሞ የሚያዝ የኪራይ መኪና) ካደረሰው በኋላ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ሻንጣውን እየጎተተ ይሄዳል። ሁለቱም የለመዱትን ነው ያደረጉት። የመጀመሪያው ሹፌር በደስታ ግራ ይጋባል፤ ሁለተኛው ይቀየማል።

«ለሹፌር ስንት ይሰጣል?» ለሚለው ጥያቄ አንድ መልስ የለም። በአፕ የሚጠራ መኪና አለ፣ ኮንትራት አለ፣ የቀን ኪራይ አለ፣ የሰርግ መኪና አለ፣ በወር ደሞዝ የሚሠራ የቤት ሹፌር አለ። የሁሉም ሥራ መንዳት ነው፤ ገንዘቡ ኪሳቸው የሚገባበት መንገድ ግን ለየቅል ነው። ስለዚህ ከስንት በፊት መጠየቅ ያለበት «የከፈልኩት ዋጋ ምን ምን ሸፍኗል?» የሚለው ነው። ይህ ከታወቀ የቀረው ቀላል ነው።

ወጪ ሌላ፣ ቲፕ ሌላ

ወደ አዳማ በፈጣኑ መንገድ ከሄዳችሁ የመንገድ ክፍያ አለ። ሞል ወይም ሆስፒታል ስትገቡ ሹፌሩ ፓርኪንግ ይከፍላል። «እዚህች ጋ አንዴ ቁምልኝ» ብላችሁት ትራፊክ ቢቀጣው፣ ቅጣቱ የመጣው በናንተ ምክንያት ነው። እነዚህ ሁሉ ወጪ ናቸው። ሰውየው ለናንተ ሲል ከኪሱ ያወጣውን መልሶ መስጠት ቸርነት አይደለም፤ ዕዳ መክፈል ነው። ብዙ ቅሬታ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ተሳፋሪው «መቶ ብር ጨምሬለታለሁ» ብሎ ያስባል። ሹፌሩ ደግሞ ከመቶዋ ውስጥ ስድሳዋ የፓርኪንግ እንደሆነች ያውቃል።

ማስጠበቅም እንደዚሁ ነው። አፑ የሚቆጥረው የመጠበቂያ ሒሳብ ካለ እሱ ይበቃል። ጉዞውን ዘግታችሁ «አሥር ደቂቃ ጠብቀኝና እንመለሳለን» ካላችሁ ግን የሚቆጥረው የለም። ያኔ ለጥበቃው ዋጋ ቀድሞ መነጋገር ይሻላል። በአገራችን ገንዘብ ቀድሞ ማንሳት ያሳፍራል፤ ኋላ ላይ መጨቃጨቅ ግን የበለጠ ያሳፍራል።

ቲፕ የምለው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ማንም ሳያስገድዳችሁ የምትጨምሩትን ነው።

ራይድ፣ ፈረስ እና መሰሎቻቸው

እዚህ ዋጋ የሚያወጣው አፑ ነው። ኩባንያው ኮሚሽኑን የሚያስበው ከታሪፉ ነው። ከተረፈው ላይ ነዳጅ ይወጣል። መኪናው የሹፌሩ ካልሆነ ደግሞ ለባለቤቱ የቀን ገቢ ማስገባት አለበት፤ ያን ቀን ሥራ ቢኖርም ባይኖርም። እናንተ በእጁ የምትሰጡት ጭማሪ ላይ ግን ኮሚሽንም የባለቤት ገቢም የለም። ትንሽ የምትመስል ብር የምትወደደው ለዚህ ነው።

ልማዱ ሒሳቡን ወደ ላይ ማጠጋጋት ነው። 362 ብር ከመጣ 400 ሰጥቶ «መልሱ ይቅር» ማለት። በቃ። ልክ 362 የሚከፍልም ሰው ባለጌ አይባልም። በየቀኑ ወደ ሥራ በራይድ የሚመላለስ ሰው በየጉዞው እንዲጨምር ማንም አይጠብቅም፤ ሹፌሩም ይረዳዋል።

በመቶኛ ማስላትን ግን አልደግፍም። ሃያ በመቶ መስጠት ኃጢአት ሆኖ አይደለም። በመቶኛ ስታሰሉ የምትሸልሙት ርቀትን ነው፤ ርቀቱን ደግሞ ታሪፉ ከፍሎታል። ከቦሌ እስከ አያት ምንም ሳይቸግረው የነዳችሁ ሹፌር ብዙ ያገኛል። ሦስት ሻንጣ ጭኖ፣ ኮብልስቶኑን ወጥቶ፣ በዝናብ በራችሁ ድረስ ያደረሳችሁና አራተኛ ፎቅ ድረስ ሻንጣ ያወጣላችሁ ደግሞ ጉዞው አጭር ስለነበር ሳንቲም ያገኛል። የተገላቢጦሽ ነው። መለኪያው ድካሙ ይሁን። ሻንጣ ካወጣ፣ እናታችሁን ደግፎ ካስገባ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ማንም እሺ ያላለውን ጥሪ ተቀብሎ ከመጣ፣ ከማጠጋጋቱ በላይ ሃምሳ ወይም መቶ ብር ጨምሩ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሹፌሩ ደውሎ «የት ጋ ነህ?» ሲላችሁ ትክክለኛ ቦታ መናገርና ወጥቶ መጠበቅ ከቲፕ ያላነሰ ውለታ ነው። ሰፈር ውስጥ ሩብ ሰዓት አዙራችሁት ሃምሳ ብር ብትሰጡት አትራፊ አይሆንም።

የ«ዝርዝር የለኝም» ነገርስ? አንዳንዴ እውነት ነው። በ2013 መስከረም የ200 ብር ኖት ከወጣ ወዲህ ሁሉም ሰው ይዞ የሚመጣው ያችኑ ናት። አንዳንዴ ደግሞ ዘዴ ነው። ተገዶ የሚወጣ ቲፕ የሚያናድዳችሁ ከሆነ በቴሌብር ልኩን ክፈሉ፤ ጨዋታው ያልቃል።

ቦሌ አየር ማረፊያ ላይ ጋሪያችሁን ሮጦ ይዞ መኪናው ድረስ የገፋው ልጅ ሌላ ሰው ነው። ለእሱ የሰጣችሁት ከሹፌሩ ድርሻ አይቀነስም።

ኮንትራት

ኮንትራት ላይ ዋጋው የድርድር ነው። ሹፌሩ 800 ሲል እናንተ 500 ብላችሁ 600 ላይ ከተስማማችሁ፣ ቲፑም ትርፉም እዚያው ውስጥ አለ። ሲወርዱ መጨመር አይጠበቅም። ብትጨምሩ ደስ ይለዋል፤ ባትጨምሩ አይከፋውም።

«መንገዱ ዘግቶ ነበር፣ ትንሽ ጨምርልኝ» የሚለው ግን ቲፕ መጠየቅ አይደለም። ውሉን እንደገና መክፈት ነው። መንገዱ በእርግጥ ዘግቶ አንድ ሰዓት ከቆማችሁ አትከራከሩት። ካልሆነ «የተስማማነው ይህ ነው» ማለት ነውር የለውም።

የቀን ኪራይና የክፍለ ሀገር ጉዞ

ብዙ ሰው የሚሳሳተውም፣ ሹፌሩ ብዙ የሚለፋውም እዚህ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ለአንድ ቀን መኪና ከሹፌር ጋር ስትከራዩ ወይም ወደ ሐዋሳ፣ አርባ ምንጭ፣ ባሕር ዳር ስትወጡ፣ ቲፑን ከማሰባችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፤ ቢቻል መኪናውን ያከራያችሁን ሰው፣ ከመነሳታችሁ በፊት።

አንደኛ፦ ነዳጅ በማን ነው? ሁለተኛ፦ የሹፌሩ አበል በዋጋው ውስጥ አለ? አበል ማለት የሚበላበትና የሚያድርበት ነው። ሦስተኛ፦ መኪናው የሹፌሩ ነው ወይስ ተቀጣሪ ነው? የራሱ ከሆነ ትርፉ የራሱ ነው፤ ቲፑ ቀለል ሊል ይችላል። ተቀጣሪ ከሆነ ለመኪናው የከፈላችሁት ትልቅ ገንዘብ እሱን አይነካውም። ብዙ ሰው «ለቀኑ ይህን ያህል ሺህ ከፍያለሁ፣ ከዚያ በላይ ምን ልሁን?» ይላል። ያ ሺህ የሄደው ለመኪናው ባለቤት ነው። ዝናብ ላይ ጎማ የቀየረው ሌላ ሰው ነው።

አበሉ ካልተካተተ የሹፌሩ አልጋና ምግብ የናንተ ነው። ይህም ወጪ እንጂ ቲፕ አይደለም። ከተካተተም አበሉ የከተማውን ዋጋ የማይደርስበት ጊዜ ብዙ ነው። በተለይ በገና ሰሞን ላሊበላ፣ በጥምቀት ሰሞን ጎንደር። አልጋ ይጠፋል፣ የተገኘው ዋጋው ሰማይ ነው፣ ሹፌሩ መኪናው ውስጥ ጋቢ ተከናንቦ ያድራል። በዓሉን ከልጆቹ ተለይቶ እናንተን ለበዓል ለማድረስ የመጣ ሰው ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ከወትሮው እጥፍ መስጠት አይበዛም። የማታ «የት ነው የምታድረው?» ብሎ መጠየቅ ደግሞ ነጻ ነው።

ምግብን በተመለከተ የእኛ ልማድ ግልጽ ነው። ሹፌር ብቻውን ጥግ ላይ አይቀመጥም፤ አብሮ ይበላል። ማዕድ ላይ አለመጥራት ቲፕ ካለመስጠት የባሰ ንቀት ተደርጎ ይወሰዳል። ግን ከማዘዛችሁ በፊት ጠይቁት። ረቡዕና ዓርብ ወይም ዐቢይ ጾም ላይ ከሆናችሁ የሚጾም ሊሆን ይችላል። ክርስቲያንና ሙስሊም ከሆናችሁ ደግሞ የሥጋ ቤቱ ምርጫ ይለያል፤ አንድ ትሪ ላይ ክትፎ አዝዞ «ብላ እንጂ» እያሉ ማስጨነቅ አያስፈልግም። ብቻውን መብላት የሚመርጥም አለ። በብዙ የመንገድ ሆቴሎች እንግዳ ይዞ ለመጣ ሹፌር ምግብ በነጻ ወይም በቅናሽ ይሰጣል፤ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር መጨዋወትም ያምረዋል። እንቢ ካለ አትጎትቱት።

ምሳ መጋበዝ ቲፑን ይተካል? ለአንድ ቀን የከተማ ኪራይ ከሞላ ጎደል ይተካል፤ ምሳ በልቶ፣ ማታ ትንሽ ብር ከተጨመረለት ተከብሯል። ለብዙ ቀን ጉዞ ግን አይተካም። ምግብ ለቤተሰቡ ይዞት የሚገባው ነገር አይደለም።

ስንት? ቁጥር ብጽፍ በዓመቱ ያረጃል። ብሩ በ2016 ሐምሌ በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በወራት ውስጥ ከ100 አለፈ፤ ዋጋውም ሁሉ ተከተለው። ዱሮ «ሃምሳ ብር ስጠው፣ ይበቃዋል» ይል የነበረ አጎት ዛሬም ያንኑ ይላል። ስለዚህ በብር ሳይሆን በምሳ ለኩት። እናንተ በምትበሉበት ምግብ ቤት የሁለት ሰው ጥሩ ምሳ ስንት ነው? ለአንድ ቀን የከተማ ኪራይ እሱን ያህል ጥሩ ነው። ከከተማ ወጥቶ የሚያድር ከሆነ በየቀኑ የሦስት ሰው ምሳ ያህል። ይህ ለመኪናው በሙሉ ነው፤ አራት ሰው ከሆናችሁ ተካፈሉት።

መንገዱም ይቆጠራል። ከጎሃጽዮን ወርዶ አባይ በረሃን ተሻግሮ ወደ ደጀን መውጣት ሜዳ ላይ ካለ የአስፋልት ጉዞ ጋር አንድ አይደለም። ዳናኪል ውስጥ በዚያ ሙቀት፣ መንገድ በሌለበት አሸዋና ድንጋይ ላይ የሚነዳ ሹፌር ጥበበኛ ነው። ኦሞ ሸለቆ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ላንድክሩዘሩን ያወጣውም እንደዚሁ። ለእንዲህ ዓይነቱ ቀን የሰጣችሁት ቢበዛ አትጸጸቱም።

አስጎብኚ ድርጅት በኩል የመጣችሁ ከሆነ ሌላ ጣጣ አለ። መኪና ውስጥ ሹፌር አለ፣ አስጎብኚ አለ፣ አንዳንዴ ወጥ ሠሪ አለ። ሰሜን ተራሮች ከገባችሁ ደባርቅ ላይ ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) ይጨመራል። ለሁሉም የሚሆን አንድ ፖስታ ለአስጎብኚው ሰጥቶ «ተካፈሉት» ማለት የማልወደው ልማድ ነው። ብዙውን ጊዜ አስጎብኚው ቋንቋ ይችላል፣ ከእንግዳው ጋር ይቀልዳል፤ ሹፌሩ ዝምተኛ ነው። ክፍፍሉ ዝምተኛውን ይጎዳል። ለየብቻ፣ በእጅ ስጡ። የጥቅሉን ዋጋ በመቶኛ ማስላትማ ጭራሽ አይሠራም፤ እዚያ ውስጥ ሆቴል አለ፣ የአውሮፕላን ትኬት አለ፣ የፓርክ መግቢያ አለ።

ሹፌሩ ከስጦታ ዕቃ ሱቁና ከሆቴሉ ኮሚሽን ያገኛል የሚለውም እውነት አለው። ይህ ብቻውን ቲፕ ለመከልከል ምክንያት አይሆንም። ሳትጠይቁት ከሱቅ ሱቅ እያዞረ ቀናችሁን ከበላው ግን ድርሻውን እዚያው ወስዷል።

መቼ ይሰጥ? ለአንድ ቀን ከሆነ መጨረሻ ላይ። ለብዙ ቀን ጉዞ ግማሽ መንገድ ላይ ትንሽ ነገር መስጠትን እመክራለሁ። ሹፌሩ ከቤት ሲወጣ ለቤቱ ትቶ የወጣው ጥቂት ሊሆን ይችላል፤ መሐል ላይ የምትደርሰው ብር በስልክ ወደ ቤት ትላካለች። ዋናውን ግን ለመጨረሻው ቀን አቆዩት፣ ሻንጣ ከመውረዱ በፊት አዘጋጅታችሁ ያዙት። አየር ማረፊያ በር ላይ፣ ጥበቃው «ቶሎ አንቀሳቅስ!» እያለ፣ ቦርሳ መፈተሽ አይመችም።

የሰርግ መኪና

የሙሽራ መኪና ሹፌር ከጠዋት እስከ ሌሊት ነው። መኪናው አበባ እስኪለብስ ይጠብቃል፣ የሙሽሪት ቤት ይሄዳል፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም ማዘጋጃ ቤት፣ ከዚያ ፎቶ፣ ከዚያ አዳራሽ፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ቤት። ቪዲዮ ቀራጩ «አንዴ ወደ ኋላ፣ አሁን ቀስ ብለህ ና» እያለ የሚያለማምደው እሱን ነው።

ይህን ጉዳይ ሙሽራው ላይ አትጣሉ። አንድ ሚዜ ይረከበው፤ ፖስታውም ቀድሞ ይዘጋጅ። የሚሰጠውም አዳራሽ ከመገባቱ በፊት ነው። ከዚያ በኋላ ጭፈራ አለ፣ መጠጥ አለ፣ ሚዜው ራሱ ይጠፋል። ሹፌሩ መብላቱንም አንድ ሰው ያረጋግጥ። አምስት መቶ ሰው በልቶ የጠገበበት ሰርግ ላይ የሙሽራው ሹፌር መኪና ውስጥ ተርቦ መቀመጡ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። ማንም ከፍቶ ሳይሆን ሁሉም «ሌላው ሰው ጠርቶታል» ብሎ ስለሚያስብ ነው።

ከአጃቢዎቹ መካከል መኪናውን ይዞ የመጣ ጓደኛ ካለ፣ ለእሱ ቲፕ መስጠት ስድብ ነው። ነዳጅ ሙሉለት።

የቤትና የመሥሪያ ቤት ሹፌር

በወር ደሞዝ የሚሠራ የቤት ሹፌር በየጉዞው ቲፕ አይሰጠውም። የሚታሰበው በበዓል ነው፦ ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለፋሲካ፣ ሙስሊም ከሆነ ለዒድ። የዶሮና የዘይት ወጪ የሚሸፍን ብር ከዶሮና ዘይቱ ይሻላል፤ ምን እንደጎደለው የሚያውቀው እሱ ነው። እሑድ ወይም ሌሊት ካስወጣችሁት ግን ያ የትርፍ ሰዓት ነው፤ በስጦታ ስም አይሸፈንም።

የመሥሪያ ቤት ሹፌር በሥራ ጉዳይ ሲያደርሳችሁ «አመሰግናለሁ» ይበቃል። አንዳንድ ድርጅት ሠራተኛው ከእንግዳ ገንዘብ እንዳይቀበል ይከለክላል። ሹፌሩ «አይ፣ አይቻልም» ካለ ለይሉኝታ ላይሆን ይችላል፤ አትግፉት። የሆቴል የአየር ማረፊያ መኪና ሹፌር ግን ሻንጣ ስለሚያወጣና ስለሚያወርድ ትንሽ ነገር ይጠብቃል።

ዋሽንግተን፦ ሕጉ የተገለበጠበት አገር

አሜሪካ ሲገባ ሁሉም ነገር ይገለበጣል። እዚያ ቲፕ የገቢው አካል ተደርጎ ይቆጠራል፤ አለመስጠት ቅሬታን ያሳያል። በታክሲ ከ15 እስከ 20 በመቶ የተለመደ ነው። በካርድ ስትከፍሉ ስክሪኑ ራሱ አማራጮቹን ይደረድራል።

ኡበርና ሊፍት ላይ ልማዱ ላላ ያለ ነው። ሊፍት አፑ ላይ ቲፕ ቀድሞ ነበረው። ኡበር ግን ለዓመታት «አያስፈልግም» ሲል ቆይቶ በ2017 (እ.ኤ.አ.) ነው አፑ ውስጥ ያስገባው። የዚያ ትዝታ ገና አልጠፋም፤ ብዙ ተሳፋሪ ምንም ሳይሰጥ ይወርዳል። የምትሰጡት ቲፕ ሙሉ በሙሉ ለሹፌሩ ነው፣ ኩባንያው አይቆርጥም። ሹፌሮች የሚቀልዱበት አንድ ንግግር አለ፦ «በአፑ እሰጥሃለሁ»። ይህን ብሎ ወርዶ የማይሰጠው ይበዛል። ለመስጠት ካሰባችሁ ሳትናገሩ ስጡ።

ጥቁር መኪና ወይም ሊሞዚን ቀድማችሁ ከያዛችሁ ግን ደረሰኙን በደንብ አንብቡ። ብዙ ድርጅቶች ሃያ በመቶ ገደማ ራሳቸው ይደምራሉ። አንዱ «ቲፕ» ይለዋል፣ ሌላው «የአገልግሎት ክፍያ»። ልዩነቱ ትልቅ ነው። የአሜሪካ ግብር መሥሪያ ቤት፣ አይአርኤስ፣ በ2012 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ ተሳፋሪው ሳይመርጥ በራሱ የሚደመር ክፍያ ቲፕ አይደለም፤ የድርጅቱ ገቢ ነው፣ ለሹፌሩ ከደረሰም እንደ ደሞዝ ነው። በ2025 (እ.ኤ.አ.) የጸደቀው ሕግ ደግሞ ልዩነቱን አሰፋው። ከ2025 እስከ 2028 ባለው ጊዜ ሹፌሮችን ጨምሮ በቲፕ የሚሠሩ ሰዎች በዓመት እስከ 25,000 ዶላር የሚደርስ ቲፕ ከፌደራል የገቢ ግብር ስሌት ውጭ ማድረግ ይችላሉ፤ ገቢው ከፍ ላለ ሰው ጥቅሙ ይቀንሳል። ይህ የሚሠራው ተሳፋሪው በፈቃዱ ለሰጠው ብቻ ነው። በግድ የተደመረው አይቆጠርም።

ስለዚህ ምርጫ ሲኖራችሁ፣ ማለትም ድርጅቱ «ቲፕ አሁን ይደመር ወይስ ለሹፌሩ ትሰጣላችሁ?» ብሎ ከጠየቀ፣ ሁለተኛውን ምረጡ። ተደምሮ ከሆነ ደግሞ ሁለት ጊዜ ሃያ በመቶ መክፈል የለባችሁም። ሹፌሩ በረራችሁ ዘግይቶ ከጠበቀ ወይም ሻንጣ ካበዛችሁበት አሥር ወይም ሃያ ዶላር በእጁ ማስያዝ ይበቃል።

ዋሽንግተንና አካባቢዋ ውስጥ ደግሞ መሪውን የያዘው ሐበሻ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ገና «ሃሎ» ስትሉ ይለያችኋል። አገር ቤት፣ ሰፈር፣ ትምህርት ቤት እየተባለ ጉዞው ያልቃል። ሒሳብ ላይ ሲደርስ «ኧረ ተወው ወንድሜ» ይላል፤ ጨዋ ነውና። ይህን እንደ መልስ አትቀበሉት። ሰውየው ሥራ ላይ ነው፤ የቤት ኪራይ አለበት፣ የመኪና ዕዳ አለበት፣ ምናልባት አገር ቤት የሚልክለት ሰው አለ። «በሞቴ» ብላችሁ አስይዙት። የአገር ልጅ ነው ብሎ ቲፕ ማስቀረት የአገር ልጅነትን ማርከስ ነው። ዘመድ ወይም ጓደኛ ከአየር ማረፊያ ካመጣችሁ ግን ገንዘብ አታንሱ፤ ምሳ ጋብዙት።

ሌሎች ከተሞች ባጭሩ

ለንደን ጥቁሩ ታክሲ ላይ ሒሳቡን ማጠጋጋት ወይም አሥር በመቶ ያህል መጨመር ይበቃል። ቀድሞ ዋጋው በሚታወቅ ሚኒካብ ላይ አይጠበቅም፤ ሻንጣ ካወጣ አንድ ሁለት ፓውንድ። እስራኤል ውስጥ ለተራ ታክሲ ቲፕ መስጠት ልማድ አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ ለሚያስጎበኝ ሹፌር ግን ይሰጣል። ዱባይ ታክሲ ላይ ወደ ላይ ማጠጋጋት፣ የተላከ የግል መኪና ላይ አሥር ወይም ሃያ ድርሃም።

በጥሬው፣ በቴሌብር ወይስ በዶላር?

አዲስ አበባ ላይ ጥሬ ብር አሁንም አንደኛ ነው። ማንም አያየውም፣ ማንም አይቆርጠውም። ከቤት ስትወጡ ጥቂት ሃምሳና መቶ ብር ለይታችሁ ያዙ።

በ2013 ግንቦት ቴሌብር፣ በ2015 ነሐሴ ደግሞ ኤምፔሳ ከመጡ ወዲህ በስልክ መስጠትም ቀላል ሆኗል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። መኪናው የሌላ ሰው ከሆነ የጉዞ ሒሳቡ የሚገባበት ስልክ ቁጥር የባለቤቱ ሊሆን ይችላል። ታሪፉና ቲፑ አንድ ላይ ከተላኩ ቲፑ እንደ ገቢ ይቆጠርበታል። «ይሄኛው ያንተ ነው፣ በየትኛው ቁጥር ልላክ?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል።

ዶላርን በተመለከተ፣ ዳያስፖራው ደስ ብሎት ከኪሱ አንድ ሁለት ኖት መዥረጥ ያደርጋል። ሹፌሩ በትህትና ይቀበላል። ኖቱ ያረጀ ወይም ጫፉ የተቀደደ ከሆነ ግን ባንክ እንቢ ሊለው ይችላል፤ ለአምስት ዶላር ደግሞ ግማሽ ቀን ባንክ ተሰልፎ ማን ይውላል? የሳንቲሙ ነገርማ አይነሳ። ኳርተር አዲስ አበባ ውስጥ የሚመነዝር የለም። መጀመሪያ ብር አስመንዝሩና በብር ስጡ።

አገልግሎቱ መጥፎ ከሆነስ? እየነዳ ስልኩን የሚነካካ፣ ቀበቶ እሰር ስትሉት የሚስቅ፣ ሌሊት ያለ እናንተ ፈቃድ ሌላ ሰው የሚጭን ሹፌር ምንም አይገባውም። ታሪፉን ከፍላችሁ ውረዱ፣ ቅሬታውን በአፑ ወይም በስልክ ለድርጅቱ አስመዝግቡ። አምስት ኮከብ እየሰጡ ለጎረቤት ማማረር ቀጣዩን ተሳፋሪ አይጠቅመውም። በደግ ለነዳችሁም እንደዚሁ ነው፤ ኪሳችሁ ባዶ ከሆነ ኮከቡንና አንድ መስመር አስተያየት አትንፈጉት።

ቲፑን ረስታችሁ ከወረዳችሁ ደግሞ አልረፈደም። ቅድም «የት ጋ ነህ?» ያላችሁበት ቁጥር ስልካችሁ ውስጥ አለ። በዚያው በቴሌብር መላክ ይቻላል፤ ከማረጋገጣችሁ በፊት የሚወጣው ስም አፑ ላይ ካያችሁት የሹፌሩ ስም ጋር መመሳሰሉን ብቻ እዩ።